በብርድ ነጭ፣ በሙቀት አረንጓዴ

ፖስታው መሳቢያዋ ውስጥ ከተቀመጠ ስድስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ወፍራም ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ብዙ ወረቀት እንዳለበት ያስታውቃል። በፊቱ የእሷ አድራሻ፣ በጀርባው የላኪው፣ በዚያ ቀጥ ባለና ባልተቻኮለ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። በየጠዋቱ ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች መሳቢያውን ትስባለች፤ ፖስታውን ታየዋለች፤ መልሳ ትዘጋለች። «አበቦቹ ሲፈነዱ እከፍተዋለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈርታለች።

የሠላሳ አንድ ዓመት የዘረመል ተመራማሪ ናት። ቀጭንና ረጅም በመሆኗ፣ ደግሞም ወረንጦ ከእጇ ስለማይጠፋ፣ ባልደረቦቿ «ወረንጦ» ይሏታል። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚላት ሁሉ «አበባ እድራለሁ» ብላ ትመልሳለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን ከልቧ ነው። የምትድራት አበባ መንገድ ዳር ብትበቅል ማንም ዞር ብሎ የማያያት፣ ከጎመን ወገን የሆነች፣ ስንዝር ተኩል የማትሞላ አረም ናት። ነጯ አበባዋ የሩዝ ፍሬ አታክልም። ዘሯ አቧራ ነው፤ አንዴ ካስነጠሱበት የዓመት ልፋት በኖ ይቀራል። ነገር ግን ይህች ምስኪን አረም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቅላ፣ አብባ፣ ፍሬ ትሰጣለች፤ በአንዲት የሻይ ኩባያ አፈር ትኖራለች፤ ከእናት ከአባቷ የወረሰችውን ጠባይም ለጠየቃት አትደብቅም። አበባ እንዴት አበባ እንደሚሆን ማወቅ የሚሹ የዘረመል ሰዎች ጥያቄያቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ እሷ ነው። ወረንጦም እምቡጡ ሳይከፈት በማጉያ ሥር ወንዴዎቹን አንድ በአንድ ትለቅምና የሌላዋን አበባ ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ ትቀባለች። ይህን ስታደርግ እስትንፋሷን ትይዛለች። ባልደረቦቿም ያን ጊዜ አያናግሯትም።

ዘሩ የሚመጣላት ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ከሚያስኬድ ከተማ፣ ከአንድ የዘር ማከማቻ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት እሽጉን ስትከፍት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደቀች።

«ዶክተር፣ ይህ ዘር ሰነፍ ነው። አርጥበው ሦስት ቀን ብርድ ያስመቱት። ያኔም አልነሳ ካለ በእኔ ይፍረዱ። የዘር ቤቱ ሠራተኛ።»

ስቃ አመሰገነችው፤ ዘሩም በአራተኛው ቀን ተነሳ። እሱ መለሰ። እሷም መለሰች። አንድ ቀን ለአስቸኳይ ጉዳይ ስልክ ብትደውል፣ ያነሳችው ሴት «መነኩሴውን ነው? ቀዝቃዛው ክፍል ገብተዋል፤ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረንጦ በሐሳቧ ለሰውየው ረጅም ነጭ ጢም አበቀለችለት። ችግሯን ሁሉ ትጽፍለት ጀመር። ለአንድ አዛውንት ምን ይደበቃል? አለቃዋ እንዳስለቀሰቻት፣ እህቷ አግቢ እያለች እንደምትነዘንዛት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ዝም ሲል እንደሚጨንቃት። እሱም ይጽፋል። ስለ ዘር፣ ስለ እናቱ፣ ጣሪያ ላይ ስለሚመጡት እርግቦች።

አንድ ቀን ከደብዳቤዎቹ በአንዱ መሀል ይህ መስመር መጣ፦ «ትናንት እናቴ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላህ፤ ከሰው ዘር ስትውል የራስህን ዘር ረሳኸው ብላ አኮረፈችኝ።»

ወረንጦ ከወንበሯ ተነሳች። ተቀመጠች። እንደገና አነበበች። ያ ሁሉ ጢም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተላጨ። ወይኔ! እሁድ ከሰዓት እንደሚጨንቃት የነገረችው ለጎልማሳ ወንድ ነው ለካ። ሦስት ቀን ስታፍር ከርማ «እኔም ሠላሳ አንድ ነኝ፤ የእህቴ ኩርፊያ ከእናትዎ አያንስም» ብላ ጻፈች። ቀጣዩ ደብዳቤ «አንቺ» ብሎ ጀመረ። መነኩሴ የተባለው ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ኮፍያ ባለው ወፍራም ካፖርት ተሸፋፍኖ፣ ከሰው ሳያወራ ስለሚውል እንደሆነ ነገራት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰ አባቱ ሞተ፤ የአባቱን ሥራ ተረከበ፤ ሦስት እህቶቹን አስተማረ። እነሱ ተምረው ሄዱ፤ እሱ ከዘሩና ከእናቱ ጋር ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ጻፈላት። ያረጀ ዘር ለማደስ ከዘራቸው መካከል አንዲቱ አረም ነጭ ቅጠል የሌላት፣ በነጩ ፋንታ አረንጓዴ የደረበች አበባ አወጣች። ወንዴም አልነበራትም። እሱም ከጎረቤቷ ብናኝ ወስዶ በልብስ መርፌ አዳቀላት። ልጆቿ ሁሉ ነጭ ሆኑ። ተስፋ ሳይቆርጥ የልጅ ልጆቿን ዘራ፤ ከዘጠና ስድስቱ ሃያ ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው ብቅ አሉ። «ከአራት አንድ ይመስላል፤ ትክክል ነኝ?» ብሎ ጠየቃት። ወረንጦ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች። ሰውየው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማሩትን የዘር ሕግ ማንም ሳያስተምረው በልብስ መርፌ ደርሶበታል።

ያንን ዘር ላክልኝ ስትለው ከደብዳቤዋ ግርጌ ሌላም ጨመረች፦ «የምንጻጻፈው ለሥራ ብቻ ከሆነ ንገረኝና ልቤን ልሰብስብ። ካልሆነ ግን ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ።» ደብዳቤውን የፖስታ ሣጥን ውስጥ በጣለችበት ቅጽበት እጇን አስገብታ ልታወጣው ሞከረች። አልደረሰችም።

ዘሩ መጣ። ከእሱ ጋርም ይህ ወፍራም ፖስታ። እምቢታ ብዙ ወረቀት ይፈልጋል ብላ አሰበች። እሺታ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት።

* * *

አበቦቹ ፈነዱ። መቶ ሃያ ኩባያ፣ መቶ ሃያ አረም። ሁሉም ነጭ።

ፕሮፌሰሯ፣ አለቃዋ ማለት ነው፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በመደርደሪያው ርዝመት ተመላለሰች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም። ይህችን አረንጓዴ አበባ ለዓመቱ ዋና ጥናት መርጣ፣ ለበላዮቿ ሁሉ ተናግራለች።

«አረንጓዴዎቹ የታሉ?»

«አንድም የለም» አለች ወረንጦ።

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲህ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ስሙ እንዲነሳ ብሎ ተረት ጻፈልን፤ እኛም ዶክተርና ፕሮፌሰር ሆነን ተቀመጥንና አመንን።»

ወረንጦ ልትከራከርለት አፏን ከፈተች። ምን ትበል? ነጮቹ አበቦች ፊቷ ቆመዋል። ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ እርግቦቹ፣ መርፌው፣ ከዘጠና ስድስት ሃያ ሦስት የሚለው ቁጥር ሁሉ አሁን ቀለም ብቻ መሰላት። ከሰዓት በኋላ ለዘር ማከማቻው ኃላፊ የክስ ደብዳቤ ተጻፈ፦ የመጋዘን ሠራተኛችሁ በቸልተኝነት ወይም ሆን ብሎ የተሳሳተ ዘር ልኳል። ከታች ሁለት የፊርማ ቦታ ነበረው። ወረንጦ ብዕሩን አንስታ ሳታመነታ ፈረመች። በኋላ ከሁሉ ያሳፈራት ይኸው ነው።

በሳምንቱ ኃላፊው መለሱ። ሠራተኛው ከዘሩ ክፍል ተነሥቶ ጭነት ላይ ተመድቧል፤ ስለ ጥቆማችሁ እናመሰግናለን። ከእሱ ከራሱ ግን ቃል አልመጣም። ወረንጦ የፖስታ ሣጥኗን በቀን ሁለት ጊዜ ትከፍት ነበር። ባዶነቱ በየቀኑ አዲስ ነበር።

* * *

ቅዳሜ ታላቅ እህቷ ምሳ ልትጋብዛት ላቦራቶሪው ድረስ መጣች። የጥርስ ሐኪም ናት። ሰው አፍ ውስጥ መግባት ሥራዋ ስለሆነ ከመሥሪያ ቤት ውጭም አትተወውም።

«ሚጣ፣ ከስተሻል። ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ አላውቅም።» እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያውን ሳበችና ፖስታውን አወጣች። «ይህስ? የመነኩሴው ጽሑፍ አይደል? ለምን አልተከፈተም?»

«እትዬ፣ መልሺው።»

«ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር። ዶክተር ሆነሽ ለመጋዘን ሠራተኛ እንቅልፍ ታጫለሽ ብዬሽ ነበር፤ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። ደስ ይበልሽ፤ አለቀ። ውስጡ ያለውን ስለማውቀው ነው የማልከፍተው።»

«እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ። 'ምንም የለውም ዶክተር፣ አይንኩት።' ነክቼ ሳየው ግን ሌላ ነው።» ይህን እያለች ፖስታውን በጥፍሯ ቀደደችው፤ ወረንጦ ተንጠራርታ ሳትደርስባት ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ በፌዝ ድምፅ ነበር። ፌዙ ሁለት መስመር አልዘለቀም።

«'ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያንን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ ለራሴ፣ በአሥራ ሁለተኛው ለእናቴ አነበብኩት። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። የምጠብቀው ድፍረት ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ ዶክተር ነሽ። ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ብንቀመጥ ሰው ዞሮ እንደሚያየን አውቃለሁ። ይየን። ና ካልሽኝ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እይዛለሁ። ሥራው ለእኔ ከሦስተኛው ደብዳቤ ጀምሮ ሰበብ ነበር።'»

እህቷ ገጹን ገለበጠች። ወረንጦ ጠረጴዛውን ይዛ ቆማለች።

«ቀጥዪ» አለች።

«'ሳልረሳው ስለ አረሟ አንድ ነገር። አረንጓዴዎቹን ወደ መስኮት ሥር ብርድ ሳወጣቸው ሁሉም እንደ ማንኛዋም አረም ነጭ አብበው፣ ራሳቸው ዘር ሰጡ። የላኩልሽም ከነሱ የለቀምኩትን ነው። አረንጓዴዋን የምታወጣው ሙቀት ስታገኝ ብቻ ነው። ክፍልሽ ከቀዘቀዘ ነጭ ሆና ትሸውድሻለች፤ እኔንም ሁለት ወር ሸውዳኛለች። አደራ፣ ሙቅ ቦታ አስቀምጫት።'»

እህቷ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ታናሽ እህቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ሚጣ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለምንድን ነው በጋዎንሽ ላይ ሹራብ የደረብሽው?»

ወረንጦ ደረቷን ዳበሰች። ወፍራም ሹራብ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለብሳው ሠርታለች፤ ሁሉም ሹራብ ለብሶ ነው የሚሠራው፤ ሕንፃው ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ታልፏል። ወደ ማብቀያው ክፍል ሮጣ ገባችና ቴርሞሜትሩን ከመደርደሪያው ጀርባ አንጠልጥላ አወጣችው። አሥራ ስድስት ዲግሪ። ከግድግዳው ማዶ ለጎረቤት ክፍል ማሽኖች የተገጠመው ማቀዝቀዣ በስንጥቁ በኩል ቀን ከሌት በአበቦቿ ላይ ሲነፍስ ከርሟል።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እህቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ይህን ሰው ከለቀቅሽው» አለች፣ «እኔ አላውቅሽም።» ወረንጦ እያለቀሰች ሳቀች። ከልቧ ላይ ድንጋይ ተነሥቶ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ፣ ይበልጥ የሚከብድ ድንጋይ ተቀመጠ። ፊርማዋ።

* * *

ከኩባያዎቹ ስድሳውን ወደ ሙቅ ክፍል አዛወረች። ቀድመው የጀመሩት እምቡጦች ነጭ ሆነው ወጡ። ቀጣዮቹም ነጭ። ጠበቀች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በማጉያው ስታይ፣ ከላይ ያለችው ትንሿ አበባ ተከፍታለች፤ ነጭ ሊሆን በሚገባው ቦታ አራት አረንጓዴ ቅጠሎች ቆመዋል። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። በቀዝቃዛው ክፍል የቀሩት እህቶቻቸው ግን ሁሉም ነጭ እንደሆኑ ናቸው።

ፕሮፌሰሯን እጇን ይዛ ጎትታ አመጣቻት። አለቃዋ ማጉያው ላይ አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

«ሙቀት» አለች በመጨረሻ። «አበባው በሙቀት ይለወጣል። ከጠበቅነው ይበልጣል፤ ዘረመሉን እንደ መብራት ማብራትና ማጥፋት እንችላለን ማለት ነው።» ቀና ብላ መነጽሯን ጠረገች። «የሰውየው ስም ማን ነው?»

በክሱ ላይ ስሙን አልጻፉትም ነበር። «የመጋዘን ሠራተኛ» ብለው ነበር የጻፉት። ወረንጦ ስሙን ነገረቻት። ፕሮፌሰሯ ቁጭ ብላ በገዛ እጇ ይቅርታ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ቀድዳ ሦስተኛው አረካት።

«በፖስታ ላኪው።»

«አይሆንም» አለች ወረንጦ። «እኔ ይዤው እሄዳለሁ።»

ፕሮፌሰሯ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናት አየቻት። «ሂጂ። የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ። ግትሯ አለቃዬ ናት ያስፈረመችኝ በይው።»

«እሱን አልለውም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

* * *

በአውቶቡሱ ውስጥ ከአረንጓዴዎቹ አንዷን ኩባያ ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ደጋግመው አይተው አይተው አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ አረም ይዘሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«አዎ አባባ። ምስክር ናት።»

«አይ የዘንድሮ ልጆች» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷ ግን በልቧ የምትናገረውን ታጠና ነበር። በየማቆሚያው አንድ ቃል ትጥላለች። ስትወርድ አንድም አልቀራት።

የዘር ማከማቻው በር ሰፊ ነው። አንድ የጭነት መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ አራት ወንዶች ሣጥን ይጭናሉ። ለቅርቡ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ጆሮው ላይ እርሳስ ለሰካው ሰው፣ ጠጋ አለች።

«ይቅርታ፣ መነኩሴው የሚባሉትን ሰው ፈልጌ ነበር።»

ሰውየው ሣጥኑን አወረደና ዞረ። ዓይኑ መጀመሪያ ፊቷ ላይ አላረፈም። ኩባያዋ ላይ ነው ያረፈው። ዝቅ ብሎ አበባዋን አየ።

«ሙቅ ቦታ አስቀመጥሻት» አለ።

ፊቱ ካሰበችው ሁሉ የተለየ ነው፤ ሰፊ ግንባር፣ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ፣ ከሳቅ የመጣ መስመር በዓይኖቹ ጥግ። ያ መስመር አሁን አልተንቀሳቀሰም። ሰውየው ቀና አለና ያኔ አያት፤ አይቶም ፊቱን ሰበሰበ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» አለ።

ያ «መጡ» ከስድብ ይልቅ አመማት።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«የዘር ጉዳይ ከሆነ ኃላፊው ቢሮ አሉ። እኔ አሁን ጭነት ላይ ነኝ።»

«የዘር ጉዳይ አይደለም። የእኔና ያንተ ጉዳይ ነው።»

«ፊርማዎን አይቼዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ኃላፊው ጠርተው አሳዩኝ። የጽሑፍዎን ቅርጽ ከሺህ ሰው ጽሑፍ መሀል እለየዋለሁ። ከዘሩ መነሣቴ አልነበረም የጎዳኝ። ሁሉን ጽፌልዎት ነበር፤ ብርድ እንዳይነካት፣ ደግሞም… ሌላውንም። አንብበው፣ እያወቁ፣ ከነመልሴ ጣሉኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ትክክል ነው፤ መጋዘንና ዶክተር። ግን እምቢ ማለት እኮ በአንድ መስመር ይቻል ነበር።»

«አላነበብኩትም!»

መኪናው ላይ ያሉት ሰዎች ዞሩ።

«ደብዳቤህን አልከፈትኩትም ነበር! እምቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። አበቦቹ ሲፈነዱ እከፍተዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። ነጭ ሲሆኑ ዋሸኸኝ ብዬ ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም። አንተን ለማመን ደብዳቤ መክፈት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስትጽፍልኝ አውቅህ የለ? ጥፋቴ ይኸው ነው። ልትቆጣኝ ትችላለህ፤ ልታባርረኝም ትችላለህ። ግን እባክህ 'እርስዎ' አትበለኝ።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አየው፤ መልሶ ሰካው።

«ስንት ጊዜ ነው መሳቢያ ውስጥ የቆየው?»

«ስምንት ሳምንት።»

«ስምንት ሳምንት!» አለ። «እኔ ስምንት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ፖስታ ቤት ስመላለስ…»

«በየቀኑ?»

«ከእሁድ በቀር። እሁድ ዝግ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ የቁም ነገር ነበር። ወረንጦ ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ አመለጣት። ያ በዓይኑ ጥግ ያለው መስመር ሲጠልቅ አየችው። ቀጥሎ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር፤ እሱ ሣጥኑ ላይ ተደግፎ፣ እሷ ኩባያዋን እንዳትጥል በሁለት እጇ ይዛ።

«አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ» አለ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። አንቺ አላት። ተራራ ከትከሻዋ ላይ ቢወርድላት እንደዚያ ቅልል አይላትም ነበር።

በጫጫታው ኃላፊው ከቢሮ ወጡ። ወረንጦ የፕሮፌሰሯን ደብዳቤ አልሰጠቻቸውም፤ እዚያው፣ በጫኞቹ ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ አነበበችው። ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጠራች። አበባዋን ያገኛት እሱ እንደሆነ፣ ጠባይዋንም ቀድሞ የተረዳው እሱ እንደሆነ፣ ጥናቱም የእሱን ስም አስቀድሞ እንደሚወጣ አነበበች። ኃላፊው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲህ… ስህተት የማይሠራ የለም» አሉና የቀዝቃዛውን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። «እኔማ ከአንተ ወዲያ የዘሩን ቦታ የሚያውቅ አጥቼ ስቸገር ነው የከረምኩት።»

እሱ ቁልፉን ተቀበለ። «እሺ ጌታዬ። መጀመሪያ ግን ይህን መኪና ልጨርስ። የጀመርኩት ነው።»

ኃላፊው ተመለሱ። እሱ ግን ሣጥኑን አላነሣም። ኩባያዋን ከእጇ ወስዶ ጥላ ሥር አኖራትና ተመልሶ ፊቷ ቆመ። በደብዳቤ ስለ እርግብ ሦስት ገጽ የሚጽፈው ሰው ቃል አጠረው።

«በደብዳቤው የጻፍከውን» አለች ወረንጦ፣ «እህቴ ናት ያነበበችልኝ። በአንተ ድምፅ አልሰማሁትም።»

«እዚህ? በነዚህ ፊት?»

«ሰው ዞሮ ይየን ያልከው አንተ ነህ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከ… ከሦስተኛው ደብዳቤ ጀምሮ» አለ። «ምናልባት ከሁለተኛው። እወድሻለሁ።» እጁን ዘረጋ፤ ሻካራ ነበር፤ ሞቃት ነበር። ወረንጦ በሁለት እጇ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

«መነኩሴው ቆቡን ጣለ!» አለ ከመኪናው ላይ አንዱ። ግቢው በሳቅና በፉጨት ተሞላ፤ እሷም ፊቷን ትከሻው ላይ ደበቀች። የካርቶንና የደረቅ ዘር ሽታ አለው። ከዚህ በፊት ያላገኘችው፣ ግን ሁልጊዜ የምታውቀው መሰላት።

* * *

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሁለት ክፍል፣ ወደ ጓሮ የሚከፈት በር፣ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ቆርቆሮዎች፣ በየቆርቆሮው አንድ አንድ ተክል። እናቱ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው። ወረንጦን ወደ ብርሃኑ አዙረው አገላብጠው አዩዋት።

«ባለ ደብዳቤዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ሁለት ወር ልጄን እህል ያስጠላሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታ በባዶ ሆድ አይሰጥም። ቁጭ በይና ብዪ፤ ከዚያ እናያለን።» ምግቡን አቀረቡ፤ እሷ ስትጎርስ ሳህኑን እየሞሉ፣ ስትጠግብ እየተቆጡ፣ በመሀል ስለ እህቷ፣ ስለ ወላጆቿ፣ ስለ ደመወዟ ሳይቀር ጠየቁ። ልጃቸው «እማዬ፣ ኧረ በቃ» ባለ ቁጥር «አንተ ዝም በል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም ብለህ የለ» ይሉታል። ወረንጦ ከሳቋ ብዛት መብላት አቃታት። ይቅርታው መቼ እንደተሰጣት ሳታውቀው ቀረች። ብቻ ከሆነ ሰዓት በኋላ አሮጊቷ ጸጉሯን ከፊቷ ላይ እንደ ልጃቸው ሲመልሱላት አገኘቻቸው።

«ስንት ቀን ትቆያለሽ ልጄ?» አሉ ሳህኑን እያነሡ።

እሱ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። የነገ ጠዋቱ አውቶቡስ ትኬት ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ፈቃዷ ሁለት ቀን ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ መቶ አሥራ ዘጠኝ አረም ወረንጦዋን ይጠብቃል።

«እሁድን አልፌ ነው የምሄደው» አለች።

እሱ ብድግ አለ። «ውኃ ላምጣ» አለ፤ ማሰሮው ሙሉ ነበር፤ ይዞት ወጣ። በሩ በስተኋላው ሳይዘጋ ቀረ። ከጓሮው የቧንቧ ውኃ ድምፅ መጣ፤ ከውኃው ድምፅ ጋርም ዝቅ ያለ፣ ዜማው የተዘበራረቀ፣ አላቋርጥ ያለ ፉጨት።

እናቱ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። ራሳቸውን ወደ በሩ ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ዓይናቸው ቀስ እያለ በእንባ ሞላ።

«ሰማሽው?» አሉ በሹክሹክታ። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ይህ ልጅ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።»

ወረንጦ ተነሥታ ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው፣ እንዳያቋርጥባቸው ድምፅ ሳያሰሙ፣ አዳመጡት።